ስክሪኑ ላይ የቀረው ስም

«ኤቦ ነው የነካው» አለች አራባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ራሷ ደነገጠች።

መምህር ክዋንሳ ጥቁሩን ስክሪን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ያለው ብቸኛ ማሽን ደርቆ ቀርቷል፤ ምንም ቢጻፍበት አንድ ፊደል አያወጣም።

«ይሄ ልጅ መነካካት አይተውም! በቃ፣ ነገ ለኮምፒውተር ውድድሩ ኩማሲ ከተማ አይሄድም። በሱ ቦታ አንቺ ትወዳደሪያለሽ። ባለሙያ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው!»

በጋናዋ ኬፕ ኮስት ከተማ መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ፣ የክበቡ ልጆች አንድ መስመር በጻፉ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስ የሚባሉትን ቁልፎች ተጭነው ሥራቸውን ያስቀምጣሉ። ጣታቸው ለምዶታል። አራባም የዚያን ቀን ጠዋት ብቻዋን ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ስትጽፍ እንደ ልማዷ ሁለቱን ተጫነች፤ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ስትቀጠቅጥ ቆይታ ሹልክ ብላ ወጣች።

ምሳ ሰዓት ኤቦ ሳህኑን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ኩማሲ ላይ እንዳታዋርጂን፣ እሺ?» አላት ለመሳቅ እየሞከረ።

«ኤቦ... ተናደድክ?»

«ቲቸር ሊሰሙኝ አልፈለጉም እንጂ ማሽኑ እኮ አልተበላሸም። እዚያ ጥቁሩ መስኮት ላይ ኤስ ማለት ቁም ማለት ነው። ኮንትሮልና ኪው ስትጫኚ ይለቀዋል። ባክሽ ንገሪያቸው፤ አንቺን ይሰሙሻል።»

አራባ ሩዟን ሳትጨርስ ተነስታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሮጠች።

ሁለቱን ቁልፎች እንደተጫነች ስክሪኑ ነፍስ ዘራ። ጠዋት የቀጠቀጠችው ሁሉ ተዘረገፈ። ማሽኑ አላሳያትም እንጂ እያንዳንዱን ፊደል ይዞት ኖሯል። በስሟ የተሰየመ ማህደሯን ለመክፈት ደጋግማ የጻፈችው ስምም አብሮ ወጣ፦ አራባ፣ አራባ፣ አራባ።

አንድ ትእዛዝ ብትጽፍ ስሟ ከስክሪኑ ይጠፋል። ማሽኑን ያዳነች ተብላ ኩማሲ ትሄዳለች። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ አረፉ።

ኤቦ «አንቺን ይሰሙሻል» ያላት ትዝ አላት። ምናለ የሱን ስም ባልጠራሁ አለች በልቧ። እውነቱን ካወቀ ኤቦ ሁለተኛ አጠገቧ ላይቀመጥ ይችላል፤ ቢቀየማትም አይፈረድበትም።

ስሟን ሳታጠፋ እጇን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። መምህር ክዋንሳ በረንዳው ላይ ደብተር ያርማሉ።

«ቲቸር፣ አንድ ጊዜ ይምጡ» አለች። «ኤቦንም ልጥራው።»