ያልታየው ቋጠሮ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል የተጨመረበት እንደሆነ የጻፈው እጅ ይድረቅ! ሰንበሌጥም የትምህርት ቤቷ ተራራ መውጣት ክበብ ኃላፊ ፊት ቆማ እንዲሁ ምላለች።

«እናቴ ትሙት ቲቸር! ነፋሱ ዝሆን ያነሳል። የእውነቴን ነው፣ እዚያ ዝሆን ቢኖር ኖሮ...»

«ዝሆኑን ተይውና ስለ ገመዱ ንገሪኝ» አሉ ኃላፊዋ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

ሰንበሌጥ የሚሏት በየበሩ ጎንበስ ብላ ስለምትገባ ነው፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የክበቡ ክፍል ጠባብ ናት። ገመዶች በየሚስማሩ ተንጠልጥለዋል፤ ያልደረቀ ጫማ ይሸታል። ጥግ ላይ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነው ድንቡሼ ጄሶ የተደረገለትን እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ከበሩ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ጋሼ አሉ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ተራራ ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩት መንገድ መሪ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብዳቤ ከተፈረመ ከእንግዲህ ተማሪ ይዘው ተራራ አይረግጡም። ደብዳቤው የተጻፈው ደግሞ ሰንበሌጥ ባለፈው ሳምንት በተናገረችው ላይ ተመሥርቶ ነው።

ተራራው የዋዛ አይደለም፤ ደመናን ወገቡ ላይ እንደ መቀነት የሚታጠቅ ነው። ድንቡሼ እግሩን በተሰበረበት ቀን ጫፉ ላይ ፎቶ ተነሥተው ሲመለሱ ወጀቡ ያዛቸው። የበረዶው ፍሬ እንቁላል ያክላል፤ የዶሮ ባይሆን የርግብ። ሦስቱም በአንድ ገመድ ታስረዋል፦ ድንቡሼ ከፊት፣ ሰንበሌጥ መሐል፣ ጋሼ ከኋላ። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ሲደርሱ የዝናብ ልብስ ለመደረብ ገመዱን ፈቱና እንደገና ታሰሩ።

የጋሼ ሕግ አንድ ናት። የራስህን ቋጠሮ ራስህ ታስራለህ፤ ከኋላህ ያለው ደግሞ ጓንቱን አውልቆ፣ በባዶ እጁ ቋጠሮህን ሁለቴ ጎትቶ «አይቻለሁ» ይላል። ይህ ቃል ሳይባል ንጉሥም ቢመጣ አንድ እርምጃ አይራመድም።

የሰንበሌጥ ጣቶች በብርድ ደንዝዘው ነበር። እጇን ብብቷ ውስጥ እንደወተፈች «አይቻለሁ!» አለች። ሃምሳ እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ ድንቡሼ አዳለጠው። ገመዱ ሊይዘው ሲገባ ቋጠሮው ተፈታና ልጁ ቁልቁል ተንከባለለ። ጋሼ ሰባ ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ (ከነርጥብ ልብሱ መቶ) አዝለው እስከ መኪናው ድረስ አወረዱት። ሲጠየቁም «ኃላፊነቱ የኔ ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም።

ሰንበሌጥን ምነው በተቆጧት ኖሮ! እሳቸው ግን በነጋታው አግኝተዋት «ጣቶችሽ ተሻለሽ?» ነበር ያሏት።

«ገመዱማ...» አለች አሁን፣ ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሣ። «ጋሼ አጣደፉን። ነፋሱም ሰው አያስቆምም ነበር፣ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ቋጠሮ የምናይበት ጊዜ አልሰጡንም።»

ይህን ስትል ሁለተኛዋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀሏት ነበር። ዛሬ ግን ከበዳት።

ኃላፊዋ ተንፍሰው እስክሪብቶ አነሡ። «በቃ እንግዲህ። አንተስ የምትጨምረው አለ?»

ድንቡሼ የክበቡ ቀልደኛ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ «ከኔ ይልቅ ለተራራው እዘኑለት፣ የወደቅኩበት እሱ ነው» ብሎ ነርሶቹን አስቋል። አሁን ግን አልቀለደም።

«ነፋስ አልነበረም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እንዴት?»

«ቋጥኙ ከልሎን ነበር። በረዶውም ቆሞ ነበር። ጋሼ ብስኩት አውጥተው አካፈሉንና ‹ቀስ በሉ፣ ማንም አያባርረንም› አሉን።» ወደ ሰንበሌጥ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ጓንትሽን አላወለቅሽም እኮ። እጅሽ ብብትሽ ውስጥ ነበር። አይቼሻለሁ። በርዷታል ብዬ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነው።»

ሰንበሌጥ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አንድ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፦ «ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመቶ ነው፣ አያስታውስም።» ቀላል ነው። ኃላፊዋ ያምኗታል፤ ድንቡሼም፣ ታውቀዋለች፣ አይከራከራትም።

ዓይኗን ከጫማዋ አንሥታ የድንቡሼን ጄሶ አየች።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ኃላፊዋ፣ እስክሪብቶው ደብዳቤው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ምን ትያለሽ?»

ሰንበሌጥ ሄዳ በሩን ከፈተች። ጋሼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይግቡ» አለች። «እውነቱን ስናገር እርስዎም እንዲሰሙት ነው።»