የጋሼ ዓብዱ ቡናማ ድንጋዮች

«ዓሣዎቹ የሚገቡት እዚህ ውስጥ ነው?» አለች የዱሬቲ የክፍል ጓደኛ ጂቱ፣ አፍንጫዋን አዲሱ የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ላይ አስጠግታ። «ኧረ ባክሽ ዱሬቲ! ድንጋዩ ሁሉ ጭቃ ነው እኮ። ቅዳሜ ጀማው ሲመጣ ሼም ነው!»

ዱሬቲ ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ውሃው ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ቡናማ ነገር ለብሰዋል። የክፍሏን ልጆች፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋንም ሳይቀር የጠራቻቸው እሷ ናት። «አዳማ ውስጥ የባሕር ዓሣ ያለው የኛ ቤት ብቻ ነው» ብላ ጉራዋን የነዛችውም እሷው ናት።

ጂቱ እንደሄደች ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥታ በበረኪና ፈተገቻቸው። ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ አለቀለቀቻቸውና መልሳ ደረደረቻቸው። የቤታቸው ደንብ ነው፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል በረኪና ያልነካው ነገር አይኖርም። ድንጋዮቹ እንደ ኖራ ነጡ። ዱሬቲም በሥራዋ ኮራች።

መስታወቱ የጋሼ ዓብዱ ነው። ጋሼ ዓብዱ የአባቷ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሃያ ዓመት ሙሉ በከባድ መኪና ጅቡቲ የተመላለሰ ሾፌር ነው። ሌላው ሾፌር ሽቶና ቴምር ይዞ ሲመለስ እሱ የባሕር ውሃ በጀሪካን ጭኖ ይመጣል። ኬላ ላይ «ምንድነው ይሄ?» ብሎ ቀምሶ የተፋው ፈታሽ ብዙ ነው። በዚያ ውሃ፣ ሻንጣ በምታክል መስታወት ውስጥ፣ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎችና እንደ አበባ የሚከፈት አንድ ኮራል ያኖራል። አሁን ቤቱ ጠቧቸዋል።

ትልቁን ቤት ሲሠራላቸው ግን እንዴት ያለ ትዕግሥት ነበር! ዱሬቲ እንዲህ ያለ ሰው አይታ አታውቅም። መጀመሪያ የብረት መቆሚያውን አስበየደ። «ውሃው ሦስት ኩንታል ይመዝናል» አለና ከደራ የመጣ ሦስት ኩንታል በቆሎ ጭኖበት አንድ ወር አቆየው። ሰፈሩ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ፤ በቆሎውን ግን አላወረደም። ቀጥሎ መስታወቱን በቧንቧ ውሃ ሞልቶ ሥሩ ጋዜጣ አነጠፈ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን እየዳሰሰ እርጥበት ፈለገ። ከዚያ የቧንቧውን ውሃ ደፍቶ፣ በየጉዞው አራት አራት ጀሪካን የባሕር ውሃ እያመጣ ሞላው።

በመጨረሻ ድንጋዮቹን አስገብቶ ግድግዳው ላይ በጠመኔ «1» ብሎ ጻፈ። ሳምንት በሞላ ቁጥር ቁጥሩ ይጠፋና ቀጣዩ ይጻፋል፤ እሱ መንገድ ላይ ከሆነ የምትጽፈው ዱሬቲ ናት። አሥር ሲደርስ ዓሣዎቹ ይዛወራሉ። ከዓመታት በፊት ቸኩሎ ሰባት ዓሣ አልቀውበት ፓፓያው ሥር ቀብሯቸዋል። ያንን ሲያነሳ እስካሁን ድምፁ ዝቅ ይላል።

አሁን ግድግዳው ላይ ያለው ዘጠኝ ነው።

ረቡዕ ጋሼ ዓብዱ ከጋላፊ ጠረፍ ደወለ። «ዱሬ! ቡናማው እንዴት ሆነ? የኔን ጥርስ መሰለ?» ብሎ ሳቀ። ያደገው ፍሎራይድ የበዛበትን የቡልቡላ ውሃ እየጠጣ ስለሆነ ጥርሱ ቡናማ ነው፤ በጥርሱ መቀለድ ይወዳል።

«የቱ ቡናማ?»

«ድንጋዩ ላይ ያለው ነዋ! ዘጠኝ ሳምንት የጠበቅነው እኮ እሱን ነው። ድንጋዩ ነፍስ ሲዘራ የዓሣውን ቆሻሻ ይበላለታል። ያለዚያ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል።»

«ድንጋዩ ነፍስ እየዘራ ነው» ሲል ስንቴ ሰምታዋለች። መኪናውንም ስለሚያናግር ቀልድ መስሏት ነበር።

«አለ» አለች። «ደህና ነው።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጂቱ ነገረቻት። ጂቱ ትከሻዋን ሰበቀች። «ዝም በያ። ሙቀቱ ነው በይው። በዚህ የአዳማ ሙቀት ማን ይጠረጥርሻል?» ምክሩ ቀላል መሆኑ ዱሬቲን አስፈራት።

ዓርብ ከሰዓት ጋሼ ዓብዱ አራት ጀሪካኑን ይዞ ገባ። ያን ቀን «10» መጻፍ ነበረባት፤ ጠመኔውን ግን አልነካችውም። እሱ አቧራውን እንኳን ሳያራግፍ ትልቁ መስታወት ፊት ቆመ። ድንጋዮቹን አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«ምን ነካቸው?» አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም። «ውሃው ነው። ባለፈው ወደብ አጠገብ ነበር የቀዳሁት። ዘይት ነክቶት ይሆናል። የኔ ጥፋት ነው፣ መራቅ ነበረብኝ።» ረጅሙን የፕላስቲክ ቱቦ አነሳ። «በቃ፣ ሙሉውን እደፋዋለሁ።»

አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ከተተ፤ ሌላውን ወደ ግቢ አውጥቶ በአፉ ሳበ። ከጅቡቲ በስንት ጉዞ የመጣው ውሃ ወደ ፓፓያው መፍሰስ ጀመረ። ዱሬቲ ዝም ካለች ነገሩ በዚሁ ያልቃል፤ እሱም ዕድሜ ልኩን ራሱን ይወቅሳል።

ሮጣ ቱቦውን ከውሃው ነቀለችው። ከዚያ በመዳፏ ግድግዳው ላይ ያለውን ዘጠኝ ጠርጋ፣ ጠመኔውን አንስታ «1» ብላ ጻፈች።

«ውሃው ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ። ለእንግዶቼ እንዲያምር ብዬ ድንጋዮቹን በበረኪና አጠብኳቸው። በስልክ ያልኩህም ውሸት ነው።»

ጋሼ ዓብዱ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። የጻፈችውን «1» ትክ ብሎ አየ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«ስንቴ አለቀለቅሻቸው?» አለ በመጨረሻ።

«ሦስቴ።»

«አይበቃም።» ተነስቶ ውሃውን አሸተተ፤ እንደገና አሸተተ። «በረኪና አይሸትም፤ ውሃው እንኳን ተርፏል። ድንጋዮቹን ግን በደንብ እናለቅልቃቸውና ፀሐይ ላይ እናደርቃቸዋለን። ከዚያ ከትንሹ ቤት አንድ ቡናማ ድንጋይ እንጥልላቸዋለን፤ እርሾ ይሆናቸዋል።» ወደ ሁለቱ ዓሣዎች ዞር አለ። «እናንተ ደግሞ ትንሽ ታገሡን።»

ከዚያ ዱሬቲን አያት። «ነገስ? እንግዶችሽን ልትመልሻቸው ነው?»

«አይ፣ ይምጡ» አለች። «ነጭ ድንጋይ ያያሉ። ለምን እንደነጣም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

እጅጌዋን ሰብስባ የመጀመሪያውን ድንጋይ ከውሃው አወጣች።