የብርጭቆው ዙሪያ ደረቅ ነበር

እጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሰው ገደለች ሲባል አያቷ ምን ብለው ይሟገቱላት? አሮጊቷ ከማለዳ ጀምረው ይህን ያወጣሉ ያወርዳሉ። ወንድማቸው፣ ጡረታ የወጡት የአናቶሚ መምህር፣ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኝተዋል። ኮመዲኖው ላይ የልብ መድኃኒት ትራፊ ያለበት ብርጭቆ አለ፤ የተቀዳው የልኩ አምስት እጥፍ ነው። ከመድኃኒቱ መደርደሪያ እስከ ኮመዲኖው ወለሉ ሁሉ ጠብታ ነጥቦበታል።

«ይኸው፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሥራ!» አለ የሟቹ ልጅ። ቤተሰቡ «ዶክተር» ይለዋል፤ የሐኪም ማዳመጫው ዛሬም ከአንገቱ አልወረደም። «ተሳስታም ይሁን አውቃ፣ ገድላዋለች።»

«አልነካሁም!» አለች የአሮጊቷ የልጅ ልጅ።

የፖሊስ መርማሪዋ የልጅቷን እጆች አየች። ጉልበቷ ላይ ጸጥ ብለዋል። «አሁን አይንቀጠቀጡም።»

«ሲመቻት ነው የሚንቀጠቀጡት» አለ ዶክተር።

አያት እሳት ጎርሰው ተነሡ። «አንተ! እሷን ከመንካትህ በፊት እኔን ረግጠህ እለፍ! ከወንድሜ ሌላ እዚህ ቤት ያደርነው እኔ፣ እሷና አንተ ሦስታችን ነን፤ እኔን እሰሩኝ!»

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለች መርማሪዋ። «ይልቅ ይንገሩኝ፤ ልጅቷ ውሃ ስትቀዳ እየተከተሉ የሚያብሱት የቱን ነው?»

ልጅቷን መኪና ከገጫት ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጨርቅ ከአያት ትከሻ ወርዶ አያውቅም። «የብርጭቆውን ዙሪያ ነዋ! መንገድ ላይ ጠብ አይላት፤ ልትደርስ ስትል ነው ጉዱ።»

መርማሪዋ መኝታ ቤት ገባች፤ ተንበርክካ የኮመዲኖውን ፊት በጣቷ ዳሰሰች። ስትመለስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ውሃ ቅጂልኝ» አለቻት ልጅቷን።

«ሰው እያየኝ?»

«ሰው እያየሽ።»

ልጅቷ አገጯን ቀና አደረገች። «ይየኝ!» ጆጉን አንሥታ ሳሎኑን አቋረጠች፤ ጠብ አላለም። ጆጉ ከብርጭቆው አፍ ሲደርስ ግን እጇ አመጸ፤ የውሃው ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

«ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል የእጅን አካሄድ ያርማል» አለች መርማሪዋ። «እርማቱን ወደ ትልቁ አንጎል የሚያደርሱት የነርቭ ክሮች ናቸው፤ የእሷ በአደጋው ተጎድተዋል። እጇ ሲያርፍ ጸጥ ይላል፤ የሚናወጠው ወደሚፈልገው ነገር ሲቀርብ ነው። መኝታ ቤቱ ግን ተቃራኒ ነው። መንገዱ ሁሉ ነጥቧል፤ የብርጭቆው ዙሪያ ደረቅ ነው። ያስመሰለው ሰው መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ መስሎታል። እማማ ቢሆኑ ቦታውን አይስቱም ነበር።»

ወደ ዶክተር ዞረች። «እውነተኛ ሐኪምስ ይህን ይስታል? የሐኪሞች መዝገብ ቤት ደውዬ ነበር፤ ስምህ የለም። አባትህም ትናንት ደውለው ይህንኑ ሰምተዋል። እንዳያጋልጡህ ቀደምካቸው።»

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» አሉ አያት። እንደ ልማዳቸው ጨርቁን አወረዱ፤ ወደ ጠረጴዛው ዘረጉት፤ ከዚያ ጠቅልለው ወረወሩት።

«ይፍሰስ! ማንም እንዳይጠርገው!»

የወንድማቸው ልጅ ማዳመጫውን አውልቆ ውሃው ላይ አኖረና፣ ከፖሊሱ ፊት ፊት ከቤት ወጣ።