የኦኔው ግራኝ

ትርፍነሽ ከጄኔቫ ዳርቻ፣ ኦኔ ከተማ በሚገኘው አፓርታማዋ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተደፍታ ተገኘች። በቀኝ እጇ ጣቶች ላይ የዶሮ ወጥ ደርቋል። አጠገቧ የተመታችበት ዘነዘና ወድቋል፤ እጀታው ላይ ነጭ ሶፍት ተጠቅልሏል። ምቱ ያረፈው ከኋላ፣ በጭንቅላቷ ግራ በኩል ነው።

የጄኔቫ ፖሊስ «ገዳዩ ግራኝ ነው» ብሎ ሱራፌልን ወዲያው አሰረው። ሱራፌል ዙሪክ አጠገብ ኡስተር ከተማ ያደገ፣ ትርፍነሽ ፈረንሳይኛ የምታስተምረው ወጣት ነው። ከተፈረደበት ከአገር ይባረራል። አማርኛ ታውቃለች ተብላ ከዙሪክ የተጠራችው መርማሪ ሚሪያም ነገሩ እንዲህ በችኮላ ማለቁ አናደዳት። ሱራፌልን ስለ ሟቿ ጠየቀችው።

«ፈረንሳዮች ‹አድርዋ›፣ ጣልያኖች ‹ዴስትሮ› የሚሉት ጎበዝን ነው፤ ቃሉን ያወጡት ከቀኝ እጅ ነው ትለኝ ነበር» አላት። «ግራው ግን ‹ጎሽ› ነው፣ ገልጃጃ ማለት። ‹ለአንተ የአማርኛው ጎሽ ይሁንልህ› ብላ ትስቅ ነበር።»

«ስትበላስ?»

«በግራዬ ነው። የማትቆጣኝ እሷ ብቻ ነበረች።»

ሚሪያም ወደ ትርፍነሽ ቤት ተመልሳ ዶሮ ወጡ የቀረበበትን ትሪ አየች። ከሁለት በኩል ተበልቷል፤ ያልተጎረሰ ጉርሻም ቀርቷል። በዕለቱ ቤቷ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሱራፌል፣ ጎረቤቷ የሻረግ እና የስደተኞች አስተርጓሚው ገረመው። ሦስቱም በደህና ተለይተናታል ይላሉ። ሱራፌል ግራኝ መሆኑን ለፖሊስ የነገረው ገረመው ነው።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ሶፍቱ ላይ የወጥ ጠብታ የለም» አለች። «ገዳዩ ከትሪው ላይ ነው የተነሣው። የሚበላበት እጁ ወጥ ስለነካው በንጹሑ መታት። ንጹሑ ግራው ከሆነ፣ ሲበላ የነበረው በቀኙ ነው። ሱራፌል ቢሆን ወይ ሶፍቱ ይቀላ ነበር፣ ወይ ምቱ በቀኝ ያርፍ ነበር።»

አብሯቸው የነበረው የጄኔቫ ፖሊስ አለቃ ወደ የሻረግ ዞረ። ሚሪያም የግድያው ዕለት ረቡዕ እንደነበር አስታወሰችው፤ የሻረግ ረቡዕን ትጾማለች፣ ዶሮ አትነካም። ትርፍነሽና ገረመው ግን ጴንጤዎች ናቸው፣ ረቡዕን አይጾሙም።

«አቶ ገረመው፣ የጠሏቸውን ስደተኞች ቃል እያጣመሙ እንደሚተረጉሙ ለትርፍነሽ ተማሪዎቿ ነግረዋታል። ልታጋልጥዎት ነበር።»

ገረመው አንገቱን ደፋ።

«ተይኝ ብዬ ለመንኳት፣ እሺ አላለችም» አለ። «ያም ሆኖ ወጥ ልጨምርልህ ብላ ተነሣች። ጀርባዋን ስትሰጠኝ ነው የመታኋት።»

አለቃው ሱራፌልን «መሄድ ትችላለህ» አለው። ሱራፌል ግን በሩ ላይ ቆመና፣ «እንግዲህ ማን ጎሽ ይለኛል?» አለ።