መካከሉን ማን ሣለው?

እኔ ስለ መንፈስና ስለ ዛር ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ፣ እናቴ እንኳ «አንቺ ሰይጣን ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ትለኝ ነበር፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ።

ያኔ፣ ሰዉ የቤቱን ዕዳ መክፈል አቅቶት በየደጁ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ በተተከለበት ሰሞን፣ ሌሊት ኤርፖርት አጸዳለሁ፣ ቀን ደግሞ ዳላስ አጠገብ ሮውሌት ውስጥ ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ የዘጠና አምስት ዓመት ሽማግሌ አስታምማለሁ። ሰውየው የካርቱን ሠዓሊ ነበሩ፣ ያውም ካርቱን ገና ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ስቱዲዮ ገብተው፣ ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ሲሥል መካከል ያለውን ሁሉ የሚሞሉት እሳቸው ነበሩ፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲለፉ ስማቸው አንድም ቀን ስክሪን ላይ አልወጣም፣ በመጨረሻ አድማ መታችሁ ተብለው ከነጓደኞቻቸው ተባረሩ፣ ዳላስ መጥተው ለማስታወቂያ የሚጨፍር ዳቦ ሲሥሉ ጡረታ ወጡ። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ስለወሰደው በግራቸው እየተንቀጠቀጡ ሁለት ሥዕል ሣሉ፣ በአንዱ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔ ጎናቸው ሆኜ እጃቸውን ይዣለሁ፣ በሌላው ወንበራቸው ባዶ ነው።

«መካከሉስ አባባ?» አልኳቸው፣ አባባ ማለቴን ለምደውታል።

«መካከሉ የረዳት ሥራ ነው» አሉና እጄን ያዙኝ። «ብቻዬን እንዳልሞት፣ ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላቸው።

ከዚያ ወዲያ ነው ድምፁ የጀመረው፣ እሳቸው ሳሎን ሲያንቀላፉ ከሥዕል ክፍላቸው የወረቀት መገላበጥ ይሰማል፣ ቀጥሎ እርሳስ ሲጫጫር፣ በሩን ስከፍት ጸጥ። ለደባሌ ለሰናይት ብነግራት «አይጥ ነዋ! ፔስት ኮንትሮል ኮል አድርጊ፣ መጥተው ያጥፉልሽ» ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሌሊት ሥራ መጥቼ ዓይኔ አልገለጥ ቢለኝ፣ እሳቸው ተኝተዋል ብዬ አሥር ደቂቃ ላሸልብ ደጅ ወደቆመው መኪናዬ ወጣሁ፣ ስነቃ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቻለሁ። እየሮጥኩ ስገባ ሚስተር ሃሮልድ ወንበራቸው ላይ ሕይወታቸው አልፏል፣ ግራ እጃቸው ወደ እኔ ወንበር ተዘርግቶ ጣቶቻቸው የሆነ ነገር እንደጨበጡ ቀርተዋል፣ የእኔን ወንበር መቀመጫ ብነካው ይሞቃል። ከሥዕል ክፍሉ የወረቀት ድምፅ ተሰማና ቆመ።

ጠረጴዛው ላይ ቁልል ወረቀት አለ፣ መስመሩ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። ሥዕሉ እንዲንቀሳቀስ ድሮ እሳቸው እንዳሳዩኝ በአውራ ጣቴ በፍጥነት ገለበጥኩት፣ ሥዕሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ሻሼን አስሬ ላባቸውን እጠርጋለሁ፣ እጃቸውን እዳብሳለሁ፣ እሳቸው እየሳሱ እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ወንበሩ ባዶ እስኪሆን አልለቀቅኳቸውም።

ማታ ልጃቸው ሊንዳ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ስደውልለት ‹እጄን ይዛኛለች፣ አልፈራሁም› አለኝ። እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

መኪና ውስጥ ተኝቼ ነበር ልበላት? መልሼ አቀፍኳትና ምስጋናውን ተቀበልኩ፣ ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቃሌን የፈጸመችልኝ ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ብቻ ከዚያ ወዲህ የማስታምመው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሲዘረጋ ባየሁ ቁጥር ተሽቀዳድሜ እይዘዋለሁ፣ እሷ እንዳትቀድመኝ።