ምልዓተ ጉባኤ ያሟላልን ሰው

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ምስክሮች አሉኝ። እነሱ ግን ነገሩን ሳነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ። ስለዚህ ብቻዬን ልናገረው።

የሆነው ባለፈው ሰኔ ነው፤ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል።

በቀን ነው የምላችሁ... አናት በሚበሳ ፀሐይ።

ሐሴት እባላለሁ። አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ቅየሳ አስተምራለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው።

ያን ሰሞን የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ማለት ሁሉም ይናገራል፣ አንቺ ትሠሪያለሽ ማለት ነው። ሠላሳ ስምንት ኮርስ አለ። ለእያንዳንዱ መግለጫ መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ "ይህን ሳይወስዱ ያንን መውሰድ አይቻልም" የሚባለውን ቅድመ ኮርስ መወሰን። ፎርሙን ሞልቼ ስጨርስ "ፎርሙ እኮ ተቀይሯል" ይሉኛል። ኮምፒውተሬ ላይ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻው የመጨረሻ"፣ "አሁንስ የመጨረሻው" የሚሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። አንጀቴ እርር ብሎ ነበር።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን አንድ ኮርስ ነው። የመስክ ቅየሳ ሁለት።

ያስተምሩት የነበሩት ጋሽ ይበልጣል ናቸው። ተማሪን ሜዳ አውጥተው ሳያቆሙ የማያሳልፉ ደረቅ ሰው።

መጋቢት ላይ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። አፈሩ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ምትክ ይቀጠርልን ብለን ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍን። መልስ የለም። ኮርሱ ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት ቅድመ ኮርስ ነው። እሱን ያልወሰደ አይመረቅም።

ልክነሽ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረችን፤ የዶርዜ ልጅ። እናቷን ለማስታመም አንድ መንፈቅ ስላቋረጠች ያ ኮርስ አመለጣት። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ወስደውታል። እሷ ብቻ ቀረች። ዞኑ ውስጥ ሥራ አግኝታለች፤ ማስረጃዋን እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላመጣች ግን ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

"ቲቸር፣ አስተማሪ የሌለውን ኮርስ ከየት አምጥቼ ልውሰድ?" አለችኝ።

አፈርኩ። በራሴም በኮሌጁም አፈርኩ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ኮርሱን ከቅድመ ኮርስነት መሰረዝ። አንድ መስመር ናት። ለዚያች መስመር ግን ኮሚቴው ተሰብስቦ መወሰን አለበት።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ለመወሰን አራት መገኘት አለብን። ሰብሳቢው ዶክተር ካሱ፣ ባልደረባዬ ጌዲዮንና እኔ ተገኘን። ፈይሩዝ አራስ ናት። አምስተኛው...

አምስተኛው ጋሽ ይበልጣል ናቸው። ከሞቱ ሦስት ወር ሆኗቸው ስማቸው ከምደባ ደብዳቤው አልወጣም።

ዶክተር ካሱ ሰዓታቸውን አዩ።

"ይበልጣልን ተገኝቷል ብለሽ ጻፊው።"

"ዶክተር... ሰውየው እኮ ሞተዋል።"

"ደብዳቤው ላይ ስሙ አለ አይደል? ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ልጅቷ ትመረቅ ወይስ አትመረቅ?"

ጌዲዮን ሳቀ። "እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ይቃወሙ ነበር" አለ።

ጻፍኩት። ተራ ቁጥር አራት፣ መምህር ይበልጣል፣ ተገኝተዋል። በገዛ እጄ።

ከዚያ ቅድመ ኮርሱ እንዲሰረዝ "በሙሉ ድምፅ" ወሰንን። ሦስታችን ፈረምን። አራተኛውን ቦታ ባዶ ተውነው። ዶክተር ካሱ በኋላ እሞነጭረዋለሁ አሉ።

በማግስቱ ፋይሉን ስከፍት ቅድመ ኮርሱ ተመልሷል።

ጌዲዮን ላይ ጮህኩበት። ፋይሉን የምንጋራው ከእሱ ጋር ነው።

"አልነካሁም" አለ።

"ታዲያ ሰይጣን ነው የነካው?"

ሰረዝኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ... አለ።

ደግሜ ሰረዝኩት። ጠዋት ስገባ... አለ።

የኮርሱ መግለጫ ደግሞ ረዝሟል። እኔ የጻፍኩት ሦስት መስመር ነበር። ከሥሩ እንዲህ የሚል ተጨምሯል፦

"ተማሪው ፀሐይ ላይ ይቆማል። እንዳይንቀሳቀስ ይታዘዛል። እስኪበቃ ድረስ ይለካል።"

እንዲህ ያለ የኮርስ መግለጫ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ፍርሃት አይደለም። ንዴት ነው። የሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ተንጠልጥሎ ማነው የሚቀልደው?

የፈረምንበትን ቃለ ጉባኤ ለዶክተር ካሱ ላሳያቸው ብዬ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት።

"በሙሉ ድምፅ" የሚለው የለም።

"በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ" ይላል።

አራተኛው ቦታ ላይ ፊርማ አለ።

ይዤው ወደ ዶክተር ካሱ ሮጥኩ። አዩት... መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት።

"እርስዎ ነዎት የፈረሙት?"

"እኔ አይደለሁም" አሉ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። "ይሄ የራሱ ፊርማ ነው።"

ዕለቱን እንደገና ተሰበሰብን። ስማቸውን አውጥተን፣ ፈይሩዝን በስልክ አስገብተን፣ ውሳኔውን በሥርዓቱ ልንደግመው። ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥነው። ዶክተር ካሱ አጀንዳውን አንብበው ዝም አሉ። ሁላችንም መልሷን ጠበቅን።

"አንድ በአንድ ተናገሩ እንጂ" አለች ፈይሩዝ። "ሁለት ሰው ሲያወራ አይሰማኝም።"

ተያየን። ማንም አላወራም።

"ፈይሩዝ..." አልኩ። "ማንም እያወራ አይደለም።"

"ኧረ ይሰማኛል። ስልኩ አጠገብ ነው ያለው... ቁጥር እየቆጠረ ነው።"

ጌዲዮን ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀ።

"ቆይ..." አለች። ትንፋሿ ይሰማል። "ይሄ ድምፅ... ሐሴት፣ እሳቸውን ለምን አስገባችኋቸው?"

ስልኩ ተዘጋ። መልሰን ብንደውል አላነሳችም።

ዶክተር ካሱ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

"ኮርሱ ባለበት ይቀጥል" አሉ።

"ልክነሽስ?"

"ሐሴት፣ ተይው አልኩሽ!"

ወጡ። ጌዲዮንም ተከትሏቸው ወጣ። እኔ ግን አልተውኩም። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከመፍራቴ መናደዴ በልጦ ነበር። ሰው በሕይወት ሳለም በስብሰባ ያሰለቸናል፣ ሞቶም ሊያሰለቸን ነው? ስሙን የጻፍኩት እኔ፤ የማስተካክለውም እኔ።

በነጋታው ግቢው ለምሳ ባዶ ሲሆን ብቻዬን ቢሮ ገባሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ፋይሉን ከፈትኩ።

መግለጫው ላይ አዲስ መስመር ነበር።

"የመስክ ልምምድ፦ ዛሬ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ተመዝጋቢ፦ አንድ።"

ልክነሽ ጋ ደወልኩ። ቶሎ አነሳች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ቲቸር... አሁን ማውራት አልችልም። ትምህርት ላይ ነኝ።"

"የምን ትምህርት?"

"ቅየሳ ሁለት። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስፈቀዱልኝ? እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር... ዛሬ ከጨረስኩ ያልፍልኛል።"

"ማነው የሚያስተምርሽ?"

"እሺ" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው።

"ልክነሽ! የት ነሽ?"

"ሜዳው ላይ።"

ቢሮዬ መስኮቱ ወደ ሜዳው ነው። ተነስቼ ቆምኩ።

ልክነሽ ጠራራው ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ረጅሙን የቅየሳ ዘንግ ቀጥ አድርጋ ይዛለች፤ በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ። ከፊቷ፣ ራቅ ብሎ፣ ባለ ሦስት እግሩ መለኪያ ተተክሏል።

ከመለኪያው ኋላ ማንም የለም።

ልክነሽ ግን ወደዚያ እያየች አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደች። ቆመች። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ትንሽ ወደ ቀኝ ተመለሰች። በምልክት እንደሚታዘዝ ሰው...

ፈገግ ብላለች። ያን መንፈቅ ሙሉ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

"ልክነሽ፣ ዘንጉን ጣይና ነይ!"

"እሺ ቲቸር፣ ጨርሰናል... አሁን የእርስዎ ተራ ነው አሉ።"

የመለኪያው መነጽር ቀስ ብሎ ዞረ። ከእሷ ላይ ተነስቶ... በግቢው ዛፎች አልፎ... የእኔ መስኮት ላይ ቆመ።

"ቲቸር" አለች ልክነሽ በስልኩ ውስጥ። "አይንቀሳቀሱ አሉ። ሊለኩዎት ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ወለሉ ላይ ወድቄ ያገኘኝ ጌዲዮን ነው።

ልክነሽ ተመርቃለች። የኮርሱ ውጤት ሬጅስትራር ገብቶ ተገኘ፤ ማን እንዳስገባው ማንም አልጠየቀም። ሥራዋንም ጀምራለች። ስለዚያ ቀን ስጠይቃት "ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ" ብቻ ትላለች።

ከመሄዷ በፊት የመስክ ደብተሯን ሰጠችኝ። "ለእርስዎ ስጪ ተብያለሁ" ብላ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "መስኮት፣ 84 ሜትር።" መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ትናንት ከፍቼ አየሁት።

መስኮት፣ 84 ሜትር።

መስኮት፣ 61 ሜትር።

መስኮት፣ 30 ሜትር።

ዛሬ ጠዋት አንድ ተጨምሯል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

በር፣ 2 ሜትር።