አፈር የተናገረበት ምላስ

«እማ፣ እኛ ከየትኞቹ ነን?»

ሲፋ ይህን የጠየቀችው በስደተኞች ጀልባ ላይ፣ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር። ነዊት የልጇን አንገት በኩታዋ ጠቀለለችና «ብርድ ይመታሻል፣ አፍሽን ዝጊ» አለቻት። ነዊት የተወለደችው ከጤዛ ወገን፣ ከወንዝ ዳር ሰዎች ነው። ባሏ ኤርጋን ደግሞ ከፍም ወገን፣ ከእሳተ ገሞራው ተራራ ሰዎች ነው። አርዳሜን አንድ መንግሥት ሳለች ይህን ጉዳዬ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በዚያ ዘመን በአርዳሜን ታላቅ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የኅብረቱ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቀለበት አዋጥቶ ያሠራው ነው። ሽማግሌው ንጉሥ በሞቱ ማግሥት፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ሰንሰለቱ ብቻውን መወዛወዝ ጀመረ። ያየው ሁሉ ደነገጠ። ብዙም ሳይቆይ የየወገኑ መሳፍንት መጋዝ ይዘው መጡ፤ የየራሳቸውን ቀለበት ቆርጠው ወሰዱና ጦር አስቀጠቀጡት። ከመጋዙ ሥር የረገፈውን ብናኝ ግን የኔ ነው ያለ የለም። የጦርነቱ የመጀመሪያ ደም ሲነካው ብናኙ ነፍስ ዘራ፣ አውሬ ሆነ። ሰዎች «ዝገት» አሉት።

በጦርነቱ ሁለተኛ ክረምት ኤርጋን የፍም ወታደር ልብስ ለብሶ ከቤት ወጣ፣ በዚያው ቀረ። በዚያው ዕለት በሐረግ ድልድይ የጤዛ ሰዎች ታረዱ። ከገዳዮቹ ጋር ቆሞ ነበር ወይስ ከሟቾቹ ጋር? ነዊት እየፈተለችም፣ ልጇን እያጠበችም ይህን ታስባለች። እህል በአፏ አይጣፍጣትም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች።

ጦርነቱ ሲያልቅ የማንም ወገን ባልሆነችው፣ ስደተኞቹ በተጠለሉባት በሚዛን ደሴት ችሎት ተቀመጠ። የተከሰሰው የፍም ጦር አለቃ ባርቆን ነበር። «ድልድዩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለ። «ሞቱ የሚባሉትም አልሞቱም፤ አገር ለቀው ሄደዋል።»

ዳኛዋ ተነሡና የጥንቱን ሕግ በታላቅ ድምፅ አወጁ።

«የሰው ምስክር ፈርቷል ወይም ሞቷል። ስለዚህ አፈር ይመስክር! ደም የፈሰሰበትን አፈር የተበዳይ ወገን እጅ ይዝገነው፤ የተከሳሽ ወገን ምላስ ይናገረው። አፈር የተናገረበት ምላስ ግን ዳግመኛ ቃል አያወጣም። ጨረቃዋ እስክትሞላ ካልመጣ ተከሳሹ ነጻ ነው።»

ነዊት እጇን አነሣች። «እኔ እዘግናለሁ» አለች። «የምሰማው ቢያቃጥለኝም ጆሮዬን ላልሸፍን በሟቾቹ እምላለሁ።»

ከፍም ወገን ግን ምላሱን የሚሰጥ ጠፋ። አንድ ወፍራም ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

«እኔ እናገራለሁ።»

የኤርጋን እናት፣ እማማ ጦልያ ነበሩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ በደሴቲቱ ላይ እንደ እሳቸው ወሬ የሚወድ አልነበረምና።

«እማማ ጦልያ ዝም ካሉ ጠዋት ማን ይቀሰቅሰናል?» አለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ።

«ስትነቃስ የሠራኸው ምን አለ?» አሉት።

ባርቆን ግን አልሳቀም። እናቱ በወሊድ ስትሞት ጡት ያጠቡት እኚሁ ሴት ነበሩ። በፍም ወገን ልማድ እናት በጡት ልጇ ላይ አትመሰክርም፤ የመሰከረች እንደሆነ እሳት የሚጭርላት ጎረቤት አይኖርም።

ሲፋን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ሁለቱ ሴቶች በማለዳ በጀልባ ተሻግረው ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ የተቃጠለ አገር ነበር፤ ጥቁር ግንዶች፣ ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች፣ ማንም ያላጨደው ማሳ። ነዊት በየእርምጃው ወደ ኋላ ትዞራለች።

«ሳል ነበራት። ማሩን የት እንዳስቀመጥኩ ሳልነግራቸው መጣሁ!»

«አፍንጫቸው ይነግራቸዋል። ይልቅ ስሚኝ፣ ቃል ሳለኝ ልጨርስ» አሉ እማማ ጦልያ። ኤርጋን በልጅነቱ ነጎድጓድ ይፈራ እንደነበር፣ ሲፋ ስታድግ ጸጉሯ እንዴት እንደሚጎነጎን፣ የሾርባ ቅመም ልኩ ምን እንደሆነ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ነዊት መልሳ መላልሳ በልቧ ያዘችው። አሮጊቷ ስለ ኤርጋን የመጨረሻ ቀን ግን አንዲት ቃል አላነሡም። እሳቸውም ፈርተዋል።

ሐረግ ድልድይ ሲደርሱ ገደሉ ሥር አጥንት ነጥቶ ታየ። ዝገት ከጉድጓዱ ወጣ፤ በሬ ያህላል፤ ጸጉሩ የብረት ብናኝ ነው፤ ሲራመድ ይንኳኳል።

«ከየትኞቹ ነሽ?» አለ። ድምፁ መጋዝ ነበር።

ነዊት ዙሪያዋን አየች። ከአጥንቶቹ አጠገብ የጤዛም የፍምም መንገደኞች ጫማ ወድቋል። «ከጤዛ ነኝ» ያሉትም «ከፍም ነኝ» ያሉትም ተበልተዋል። የልጇ ጥያቄ ነበር።

እማማ ጦልያ ምርኩዛቸውን ይዘው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«አንተስ? ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እንደምን ዋላችሁ ነው የሚባለው! ከየትኞቹ ነህ? በል ንገረኛ!»

አውሬው አፉን ከፈተ። የፊት እግሩን አየ፤ የጤዛ ወገን ቀይ መዳብ ነበር። ደረቱን አየ፤ የፍም ወገን ጥቁር ብረት ነበር። ጅራቱ የሌላ፣ ጆሮው የሌላ።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው የኛው ቤት ሰው ነህ። ዞር በልላት፣ ትቆፍር።»

ዝገት እንደ ደከመው ውሻ ተኛ። ነዊት ተንበርክካ በእጇ ጫረች። ከአፈሩ ጋር አንድ የፍም ወታደር ቀበቶ ወጣ። ኤርጋን ሲለብሰው ያየችው ዓይነት ነበር። ግን ቀበቶ ምን ይናገራል? ገዳይም ይታጠቀዋል፣ ሟችም።

«አይቼዋለሁ» አሉ እማማ ጦልያ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ዝገኚና እንሂድ።»

ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት ችሎቱ ደረሱ። ነዊት አፈሩን በመዳፏ ይዛ ወደ አማቷ ቀረበች። አሮጊቷ ወደ ተከሳሹ ዞሩ። ሕዝቡ እርግማን ይጠብቅ ነበር።

«ባርቆን፣ ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?»

ጦር አለቃው አንገቱን ደፋ። እማማ ጦልያ አፈሩን ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ከአፋቸው የወጣው ድምፅ የወንድም የሴትም አልነበረም።

«ከእግራቸው ሥር ነበርኩ። ባርቆን በነጭ በቅሎ መጣ። ‹ከየትኞቹ ነህ?› እያለ ሰው ለየ። የፍምን ወገን ወደ መንገዱ፣ የጤዛን ወገን ወደ ገደሉ። ከወታደሮቹ አንዱ ጦሩን ጣለ፣ ቀበቶውን ፈታ። ባርቆን ‹ኤርጋን፣ አንድ ጡት ጠብተናል፣ ወደ መንገዱ ውጣ› አለው። ኤርጋን ‹ልጄ በዚህ ብታልፍ ወዴት ትልካታለህ?› አለው። ኤርጋን ወደ ገደሉ ሄደ። ደሙ እኔ ውስጥ ነው።»

የጤዛ ሰዎች እልል አሉ። አፈሩ ግን አልጨረሰም።

«በመከር የጤዛ ሰዎች ጦር ይዘው መጡ። የፍም ሴቶችን አስቁመው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። የእነሱም ደም እኔ ውስጥ ነው።»

እልልታው ቆመ። ነዊት ሁለት እጆቿ ወደ ጆሮዋ ሲሄዱ ተሰማት፤ መሐላዋን አስታወሰች፣ መለሰቻቸው። እንባዋ በአፈር የተለወሰ መዳፏ ላይ ወረደ።

ዳኛዋ ፈረዱ። «ባርቆን ዕድሜውን በሙሉ በዚህ ደሴት ይታሰር። የመከሩም ገዳዮች ተይዘው ይቅረቡ!»

በማግሥቱ ስደተኞቹን ለመመለስ ሁለት ጀልባዎች ወደቡ ላይ ቆሙ፤ አንዱ ለጤዛ ወገን፣ አንዱ ለፍም ወገን። የፍም ሰዎች እማማ ጦልያን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ከጤዛው ጀልባ ላይ አንዲት ሴት «ምን ዓይነት አፈር ነው ያመጣሽብን?» ብላ ነዊት ላይ ጮኸች። አጠገቧ የነበረ ሰው ግን አዘነላትና «አንቺና ልጅቷ ብቻ ተሳፈሩ፤ አሮጊቷ አይሆንም» አላት።

የወደቡ ዘበኛ መጣ። «ከየትኞቹ ናችሁ?»

ሲፋ ቀና ብላ እናቷን አየች። እማማ ጦልያ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ትዝ አላቸውና ዘጉት። ነዊት የአሮጊቷን እጅ ያዘች።

«አንሳፈርም» አለች።

ሁለቱም ጀልባዎች ሄዱ። ነዊት፣ ሲፋና እማማ ጦልያ ደሴቱ ላይ ቀሩ። ባርቆንም በእስር ቤቱ ቀረ፤ ጠዋት ጠዋት እማማ ጦልያ አንድ ሳህን ሾርባ ይዘውለት ይሄዳሉ።